ስምንት የታጠቡ ጀሪካኖች

ማክሰኞ፣ ቢቸና

ለታሪክ ይመዝገብ፦ የቢሮዬ ወንበር አራተኛ እግሩን ዛሬ መልሶ አግኝቷል። ከሦስት ወር በኋላ ሳልወዛወዝ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

የዛሬው የእንግዶች ጉብኝትም አማረ። የከተማው የአደገኛ ቆሻሻ ክፍል ማለት እኔ፣ ጥበቃው ጋሽ ዋለ እና አንድ መጋዘን ነን። መጋዘኑ ድሮ ከከተማ ዳር ነበር፤ አሁን ቤቱ ሁሉ ከቦት መሀል መንደር ገብቷል። የአረም መድኃኒት የነበረባቸውን ስምንት ጀሪካኖች ጋሽ ዋለ በኦሞ አጥበው ፀሐይ ላይ ደፍተዋቸዋል። የተለጠፈባቸውን ወረቀት ከነራስ ቅል ሥዕሉ የላጥኩት እኔ ነኝ። እንግዳ ያስደነግጣል ብዬ።

"ሰው መልሶ እንዳይጠቀምባቸው መበሳት አልነበረባቸውም?" አለ አንዱ ጎብኚ።

የመንግሥት ንብረት የሚበሳው በኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ስምንቱም በእኔ ቁጥጥር ሥር ናቸው አልኩት። ተጨበጨበልኝ።

ረቡዕ

ግቢው ባዶ ነው።

"ጋሽ ዋለ፣ ጀሪካኖቹስ?"

"ሰጠኋቸዋ! ታጥቦ የደረቀ ዕቃ ጎረቤት ሲለምነኝ ምን ብዬ ልከልክል? ንፉግ ልታሰኘኝ ነው?"

ምን እላቸዋለሁ? ፀሐይ ላይ ተደፍቶ የደረቀ ጀሪካን "ሙሉኝ" እያለ የሚጣራ ዕቃ ነው። ሰባቱ እዚሁ ሰፈር ናቸው። ስምንተኛውስ?

"ለእህትህ ነዋ! ትናንት ወደ ቤቷ ወደ ሞጣ ስታልፍ ጎራ ብላ አጣችህ። የአለቃዬን እህት ባዶ እጇን ልስደዳት?"

እህቴ እትዬ የሺ እሑድ የማኅበር ተረኛ ናት። ጠላዋን ጠምቃለች።

ሐሙስ

ቤት ለቤት ዞርኩ። የተገኘው፦ ውሃ የያዘ ሦስት። ባዶ ሁለት። የኑግ ዘይት የተጨመረበት አንድ። የሕፃን ገላ ማጠቢያ ውሃ ፀሐይ ላይ የሚሞቅበት አንድ። እናትየዋ "ገና አሁን መሙላቴ ነው" አለችኝ። ሕፃኑን አገላብጬ አየሁት፤ ሳቀብኝ።

ባለ ዘይቷ ግን አለቀቀችኝም። "መርዝ ከሆነ ለምን አጠባችሁት?"

ለጉብኝት ይባላል እንዴ?

የያዙትን በርሜል ውስጥ ገልብጬ ቆለፍኩ። ሰባቱንም ያለ ኮሚቴ በሚስማር በስቼ መጋዘኑን ቆለፍኩባቸው። የእትዬ የሺ ስልክ አይነሳም። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከርኩ።

ዓርብ፣ ሞጣ

በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣሁ። መንገዱን ሙሉ የማኅበርተኞቹን ስም ስጠራ ነበር፤ ቄሱ ጋ ስደርስ እንደገና ከመጀመሪያው።

ጀሪካኑ እትዬ የሺ ጓዳ ጠላ ሞልቶ ቆሟል።

"እንዳትነኪው! መርዝ ነው!"

"ዝም በል፣ ጎረቤት ይሰማል! የእኔን ጠላ ነው መርዝ የምትለው?"

"ዕቃው ነው እንጂ።"

"ዕቃውማ ንጹሕ ነው። ደግሞ ጠዋት አንድ ጣሳ ቀምሼዋለሁ፤ ጌሾው ትንሽ በዛ እንጂ ምንም አይል።"

እስካሁን የፈራሁት ለካ ልምምድ ነበር።

እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ስም ጠየቀኝ። ስሙ ወረቀቱ ላይ ነበር። ወረቀቱን ልጬዋለሁ። "እንግዲህ ካስመለሳት ወይም ትንፋሽ ካጠራት ቶሎ አምጣት" አለኝ፤ ከእሷ ይልቅ እኔን እያየ።

ቅዳሜ

አላስመለሳትም። ማኅበርተኞቹ ነገሩን ሰምተው ከየቤታቸው አንዳንድ ማሰሮ ጠላ እናዋጣለን ብለዋል። እንግዲህ እሑድ የሚሞት የለም። እትዬ የሺ ግን ውርደት ነው ብላ አኩርፋኛለች። ጀሪካኑ ላይ በከሰል "መርዝ" ብዬ ብጽፍበት ጽሑፉን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

ትንፋሿን እቆጥራለሁ።

"እንደ አስታማሚ አትየኝ!"

ሰባት ሰዓት ላይ አሳላት። በርበሬው ነው አለች። በእርግጥ በርበሬ ስትደልዝ ነበር። በርበሬው ይሁን።

እርማት፦ በማክሰኞው ማስታወሻ "ስምንቱም በእኔ ቁጥጥር ሥር ናቸው" ተብሎ የሰፈረው ስህተት በመሆኑ እንደሚከተለው ተስተካክሎ ይነበብ። ሰባቱ ቢቸና ተበስተው ተቆልፎባቸዋል። ስምንተኛው ከነ ጠላው ሞጣ፣ ከአጠገቤ ነው። ከዚሁ ላይ የጎደለው አንድ ጣሳ ግን እትዬ የሺ ሆድ ውስጥ ስለሚገኝ ከክፍሉ ቁጥጥር ውጭ ነው።