«ኩ» አልልም

ሰኞ፣ ጥር 17 ቀን 1974

«ኩ!» አለኝ። መጀመሪያ ያስነጠሰው መሰለኝ።

«ኩ በይ እንጂ! ‹ወደ ገበያ ሄድኩ›! ‹ሄድሁ› ምንድን ነው? መድረክ ላይ የሚነገረው የሬዲዮ አማርኛ ነው።»

ጓድ ሰለሞን ነው፣ የኪነት ክበባችን ኃላፊ። በመስከረም ከአዲስ አበባ መጥቶ ያስተምረናል። ቲያትሩንም የጻፈው እሱ ነው። ከዘጌ በታንኳ እንጨት ጭና ባሕር ዳር የምትሸጥ እናት በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስትቆጥር ያሳያል። እናቲቱ እኔ ነኝ። ዋናዋ!

ባሕር ዳር ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ የሞከርኋቸው ክበባት፦ መረብ ኳስ (ኳሷን ጣና ጨመርኋት)። ቀይ መስቀል (ደም አይቼ እኔው ታከምሁ)። ኪነት። እዚህ ግን ቦታዬን አገኘሁ፣ ማንም አያስለቅቀኝም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጣና ዳር ሴት ‹ሄድኩ› አትልም» አልሁት።

«የእኛ እናት የነቃች ናት» አለ።

ሰው ሲነቃ አፉ ይቀየራል እንዴ? ይህን የጻፍሁት እዚህ ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 18

ከዘይነባ ጋር ሐይቁ ዳር ወረድን። ዘይነባ የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ናት፣ የወረታ ነጋዴ ልጅ። ክበቡ ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ቃሉ ሲጠፋን የምታስታውሰን እሷ ናት።

ከልቤ ሞከርሁ። «ቆረጥኩ፣ ጫንኩ፣ ቀዘፍኩ!» ብዬ በጣና ላይ ጮኽሁ። ጉማሬ ካለ ይስማኝ። አፌ ይላል፣ ግን ሴትዮዋ ከውስጤ ትወጣለች። የምትቀረው ዜና አንባቢ ናት።

«ቆሎ የምትቆረጥሚ ትመስያለሽ» አለች ዘይነባ።

አባቴ እንፍራንዝ ላይ መሪጌታ ናቸው። ተማሪ አንዲት ፊደል ያለቦታዋ ቢያጠብቅ ምሳቸውን አይበሉም። እኔ ሴት ነኝና ቅኔ ቤት አልገባሁም፣ ከደጅ ሆኜ ግን ብዙ ሰማሁ።

ቆይ። ሰማሁ! ጓድ ሰለሞንስ «ሰማሁ» ይል የለም? «መጣሁ» ይላል። «በላሁ» ይላል። «እመጣለሁ» ይላል! እስኪ «እመጣለኩ» ይበልና ልየው!

ረቡዕ፣ ጥር 19

ነገርሁት። ሁሉም ፊት።

«እርስዎም እኮ ‹መጣሁ› ነው የሚሉት» አልሁት።

«ያ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላው?»

«ሌላ ነው አልኩሽ!» አለ። ልጆቹ ሳቁ፣ ጆሮው ቀላ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ጌታሁን ተነሣ፣ የክበቡ ሊቀ መንበር። የዱርቤቴ ልጅ ነው። አምና እንደኛው «ሁ» ይል ነበር አሉ፣ ዘንድሮ «ኩ»ው ከግቢ ውጭ ይሰማል። «ይህ አውራጃዊ ስሜት ነው። ዓርብ ግለ ሂስ እንድታደርግ ሐሳብ አቀረብኩ» አለ።

«እንግዲያ አንተንስ ጌታኩን እንበልህ?»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። በዚህኛው ማንም አልሳቀም። ከመጋረጃው ጀርባ ብቻ የዘይነባ ሳል ተሰማ።

«አውራጃዊ» ቀላል ቃል አይደለችም። በሷ ምክንያት ከኮሌጁ የተባረረ ልጅ እንዳለ ይወራል። ግን ለአንዲት ፊደል?

ዓርብ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም ነበር። ከሐይቁ ማዶ ከበሮ ይሰማል፣ እኛ ሆን ተብሎ ስብሰባ ተጠርተናል።

ግለ ሂስ ማለት ሰው ፊት ቆሞ ራስን መክሰስ ነው። ተነሣሁ።

«እኔ የሻረግ፣ የክበባችንን ሊቀ መንበር በስሙ ቀለድሁበት። ተሳሳትሁ። በዚህም ተጸጸትሁ።»

በየ‹ሁ›ዋ ላይ የጓድ ሰለሞን ቅንድብ ትዘላለች።

«‹ሁ› በማለቴ ግን አልተጸጸትሁም» ብዬ ተቀመጥሁ።

ዋናዋን ሴት ቀሙኝ። ለማን ሰጧት? ለዘይነባ! ቃሉን በሙሉ ታውቀዋለቻ። እኔ በሷ ቦታ ከመጋረጃ ጀርባ። እሷም መሬት መሬት እያየች «እሺ» አለች። እሺ! አንዲት ቃል አልጨመረችም። ከሹመኞቹ ይልቅ እሷ አቃጠለችኝ።

እሑድ፣ ጥር 23

አንነጋገርም። ቀኑን ሙሉ ልብስ ማጠቢያው ጋ ሆና «ኩ፣ ኩ» ስትል ዋለች። ከቤቷ የተላከላትን ዳቦ ቆሎ አልጋዬ ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች። አልነካሁትም።

ትንሽ ነካሁት።

ማክሰኞ፣ ጥር 25

እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ከቅዳሜው ቲያትር በፊት የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ከክፍለ ሀገሩ አንድ ኃላፊ መጡ፣ ከዘንዘልማ የገበሬ ማኅበር አባላትም አይተው እንዲፈርዱ ተጋበዙ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜአለሁ። ዘይነባ እንጨት አዝላ ወጣች።

«ከዘጌ መጣኩ!»

«መጣሁ፣ መጣሁ» ብዬ አንሾካሾክሁላት። የምትሰማኝ አትመስልም።

«የገበያውን ጩኸት ሰማኩ! ከጠዋት ጀምሮ እህል አልበላኩም! እኔም ፊደል እማራለኩ!»

ከኋላ አንድ ወጠምሻ «ኩኩሉ!» አለ። አንድ የዘንዘልማ ሽማግሌ ቀበል አድርገው «ይች ልጅ ‹ኩ ኩ›ዋን አበዛችው፤ ‹ሉ›ዋን መች ልትጨምራት ነው?» ሲሉ አዳራሹ ፈረሰ። ኃላፊው እንባቸውን እየጠረጉ «የዚህ አገር ሴት እንዲህ ነው እንዴ የምትናገረው?» ብለው ጠየቁ።

ጓድ ሰለሞን ላብ አጥምቆት ወደ መጋረጃው መጣ። «የሻረግ፣ ቅዳሜ አንቺ ትገቢያለሽ።»

«በ‹ሁ› ነው?»

«እንደፈለግሽ በይ!»

ክፍላችን ስንገባ ዘይነባን አፈጠጥሁባት። «ሆን ብለሽ ነው?»

«ምኑን?» አለች ጫማዋን እያወለቀች። «ኩ በይ አሉኝ፣ አልኩ።»

አቀፍኋት። ይቅርታም ጠየቅሁ። እኔ ጮኼ ያጣሁትን እሷ «እሺ» ብላ አመጣችልኝ። አሁንም እውነቱን አልነገረችኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 29

ሆነ!

«ሄድሁ» አልሁ። «ሸጥሁ» አልሁ። «ደከምሁ» ስል ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት «እሰይ፣ የእኔ ልጅ፣ አይዞሽ» አሉኝ። በመጨረሻ ጠመኔውን ይዤ «ስሜን ጻፍሁ!» ስል ሰው ሁሉ ተነሣ፤ እልልታው ጣሪያውን ነካ። አለቀስሁ። ቲያትሩ ላይ ልቅሶ አልነበረም።

ስንወጣ ጌታሁን በሩ ላይ ጠበቀን።

«ሰኞ ጠዋት ቢሮ ትፈለጋላችሁ፣ ሁለታችሁም። ማክሰኞ የተደረገው ደባ ነው ተብሏል።»

ዘይነባ ክንዴን ያዘች። እሱ ግራ ቀኙን አየ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ ለማንም አልነገርሁም» አለኝ።

አልነገርሁም! ይህን ያለው የዱርቤቴው ልጅ ነው፣ ሊቀ መንበሩ አይደለም። አመንሁት።

ሰኞን ፈራሁ። ‹ፈራሁ›ንማ ጓድ ሰለሞንም ቢሆን በ‹ሁ› ነው የሚላት። ግን እሄዳለሁ።