«አይገባም» ማለት

ሰኞ፣ ኅዳር 18፤ ረፋድ

ጠባብ ነው አላልኩም። በማርያም፣ አላልኩም። አቶ ተካልኝ ግን በቅሎው ላይ ሆኖ «ጠባብ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ?» ብሎኝ ወደ ንፋስ መውጫ ሄደ። ጉዱን ለኔ ትቶ።

ስማኝ ደብተሬ። አንተን የሰጠኝ እሱ ነው። የቅርስ ሹም ነኝ ብሎ የመጣው። የዋሻ ማርያም ዘበኛ አደረገኝ፤ የገባ የወጣውን ጻፍ አለ። ከስማዳ ጎረምሳ ሌላ ማን ሊመርጥ? ጉልበት እኔ ጋ፣ ፊደል እኔ ጋ። ዳዊት ባልደግምም ቆሎ ት/ቤት አንድ ክረምት ከርሜያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤ/ክኗ ከመሬት በታች የተፈለፈለች ናት። በግራ በኩል ቀዳዳ አለ። ከውስጡ የጥንት አባቶች አጽም። ሰው ደፉን ስሞ ይመለሳል እንጂ አያልፍም። ዐርብ ለት አቶ ተ. ስለዚያ ቀዳዳ ቄሱን ጠይቅልኝ አለ። አባ ወልዴን ጠየቅሁ። «አይገባም» አሉ። ሮጬ ሄጄ፣ አይገባም ብለዋል አልኩት። «ገባኝ» አለ።

ቅዳሜ መሮና መዶሻ አስይዞ መጣ። ሰው የማያስገባ ከሆነ ይስፋ ብሎ። አስፈለጠው። ገባ። በጫማው። እኔም ፋኖስ ይዤ ተከተልሁ። ወንድ ነኝ፣ አጽም ምን ያደርገኛል አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 20

ዛሬ አቶ ተ. ውስጥ ትቶት የሄደውን ጠረግሁ። የሳርዲን ቆርቆሮ፣ በጾም። ዘይቱ አንድ የራስ ቅል ሥር ፈሷል። የሲጋራ ቁራጭ አራት። አጽሙን እንደ ማገዶ ከምሮ በኖራ ቁጥር ጽፎበታል። ይሄ ነው የተማረ ሰው። ወጥቼ ተፋሁ። ውስጥ አልተፋሁም፤ ያን ያህልስ አልባለግሁም።

ጎረቤቶቼም አስጠሉኝ። ድሮ በዚያ ሲያልፉ ዓይናቸውን የሚከድኑት ዛሬ እየተጋፉ የሙታን ጥርስ ይቆጥራሉ። አባረርኳቸው። አንዱ፣ አንተ ፋኖስ ያዥ፣ ምን አገባህ አለኝ። እንዲህ የምባለው እኔ!

ሐሙስ፣ ኅዳር 21

የጽዮን ቀን። ቅዳሴ የለም። አባ ወልዴ፣ የአባቶች ቤት ተበርግዶ አልቀድስም አሉ። ሰው በር ላይ ቆሞ ቆሞ ተበተነ። ሁሉም ሲያልፍ እኔን ያያል። እናቴ ከእጄ ውሃ አልተቀበለችም። የአባቴ ሙት ዓመት ታኅሣሥ 3 ነው። ካልተቀደሰ የት ላዘክረው?

እሑድ፣ ኅዳር 24፤ ከሰዓት

አባ ዘንድ ሄድሁ። ልጣላቸው ነበር አካሄዴ። እርስዎ ምነው ዘርዝረው ቢነግሩኝ፣ እሱም አማርኛው የከተማ ነው፣ እኔ ያሉኝን ነው ያደረስሁ አልኩ። ሰሙኝ፣ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ቃሌን አላጎደልህም። እሱ አያውቅም። አንተ ግን ታውቅ ነበር።»

ራሴ አስጠላኝ፤ ከሳርዲኑ የባሰ።

ከተደፈነ እቀድሳለሁ ብለዋል። ግን አቶ ተ. በሩ ላይ ማኅተም ያለው ወረቀት ለጥፏል። እስክመለስ የነካ ይታሰራል ይላል። የወረዳችን ገዥ ምስለኔውም አንብቦ፣ አይነካም ብሎ ራሱን ነቅንቋል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 26፤ ጧት

ነጋዴ ነገ ወደ ንፋስ መውጫ ይሄዳል። ደብዳቤውን አንተ ላይ ልሞክረው፣ ከዚያ እገለብጠዋለሁ። አንቱ ማለቱን ትቻለሁ።

አቶ ተካልኝ። አይገባም ማለት ነውር ነው ማለት ነው። ጠባብ ማለት አይደለም። ያኔ ዝም ያልሁት ጥፋቱ የኔ ነው፤ የሳርዲኑ ግን ያንተ። ቁጥርህን በውሃ አጥቤዋለሁ። አጽሙን አባ በቦታው መልሰዋል። ፍልጡ ድንጋይ በር ላይ አለ፣ ጭቃ አቡክቻለሁ። ዋሻውን ጠብቅ ብለኸኛል፤ ጠብቄ ላሳይህ ነው። ወረቀትህን አንተ ታነሣለህ ወይስ እኔ ልቅደደው? እስከ ቅዳሜ እታገሣለሁ። እሑድ እደፍናለሁ፤ ከዚያ እሰረኝ። እሺ ወይ እምቢ በል። በዚሁ ነጋዴ እጅ ላክ። ቶሎ።