አራተኛዋ ፈይሩዝ

ለእህቴ ለፈይሩዝ አብዱልመሊክ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? የጀርባሽ ሕመም ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ችለሽ ዝም አልሽ? ያ የምታስተምሪው ማሽንስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። አባባን ጉልበታቸውን ከሚያማቸው በቀር ሌላ ነገር የለም። ስንዴው ዘንድሮ ጥሩ ነው፤ አጨዳው ሊያልቅ ነው፤ ሱቄም የኮምባይነር መለዋወጫ ፈላጊ አላጣም።

ማክሰኞ ዕለት «ተፈቀደልኝ» እንዳልሽ ስልኩ ተቋረጠ። አባባ የሰሙት ያንኑ አንድ ቃል ነው፤ በቃቸው። ሁለት ረከዓ ሰገዱና ምሳ ጠየቁ። ምግብ ራሳቸው ጠይቀው ከበሉ ቆይተው ነበር። ካልተፈቀደልሽ ሥራሽን ጥለሽ ከአሜሪካ እንደምትወጪ፣ ከተፈቀደልሽ ግን መኖሪያ ወረቀት ይዘሽ እንደ ልብሽ ወጥተሽ እንደምትገቢ ነግሬያቸው ነበር። ስድስት ዓመት ያላዩሽ ሰው ናቸው፤ ሁሉም ነገር በዚያ ወረቀት ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

በላክንልሽ የቀበሌ ደብዳቤ ጥግ ላይ ያለው ጥቁር ጠብታ ምንድን ነው ብለሽ ስትጠይቂኝ ሻይ ነው ብዬሽ ነበር። ሻይ አይደለም። ያኔ አባባ አጠገቤ ሆነው ይሰሙ ስለነበር እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። አሁን ነገሩ ስላለፈ ልንገርሽ።

የኢሚግሬሽን መርማሪው ሦስቱ ፈይሩዞች አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ ጠይቋል ብላ ጠበቃሽ እንደጻፈች፣ ሰነዶችሽንና አባባን ይዤ ቀበሌ ሄድኩ። የልደት ምስክር ወረቀትሽ ላይ ስምሽ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን አጻጻፍ፣ ሁለት «ዩ» አለው። ፓስፖርትሽ ላይ አንድ ነው። ባሳተምሻቸው ጥናቶች ላይ ደግሞ «ዋይ» ወጥቶ «አይ» ገብቷል። የቀበሌው ጸሐፊ ቀነዓ ሦስቱንም አገላብጦ አየና ትክክለኛው የቱ ነው ብሎ አባባን ጠየቃቸው።

«እኔ ጠራኋት እንጂ አልጻፍኳትም» አሉት።

ቀነዓም ስትወለጂ የሚያውቁሽ ሁለት ምስክሮች አምጡ አለ። ጎረቤታችን ቲቸር ማናልበሽ ወዲያው መጡ። መጀመሪያውኑ በአማርኛ ፊደል ብትጽፏት ኖሮ ሦስት ቦታ አትከፈልም ነበር ብለው ወጉት። እሱም በፊደልስ «ፈ» ነው ወይስ «ፌ» ብሎ እስክሪብቶ ሰጣቸው። ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ከዚያ «ሥራህን ሥራ» ብለው መለሱለት።

ያስቸገሩን ሁለተኛው ምስክር፣ ኦቦ ዱጉማ ናቸው። በልዩ ችሎታ ነው አሜሪካ የምትቀረው ስላቸው ሯጭ የሆንሽ መሰላቸው። ስትሮጪ አይተው እንደማያውቁና በሐሰት እንደማይመሰክሩ ነገሩን። ኧረ ሩጫ አይደለም፣ ማሽን የሰውን ንግግር፣ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም፣ ሰምቶ እንዲጽፍ ነው የምታስተምረው ብዬ ሳስረዳቸው ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ፈረሙ፤ ማኅተሙም ተመታ፤ እሳቸውም ስንዴያቸውን ሊያሳጭዱ ጎሮ ሄዱ።

ደብዳቤውን ስካን ላስደርግ ጎባ ስሄድ ቀነ ገደቡ ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ስካን ቤት የምትሠራው መቅዲ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ደርድራ አየችና «ጋሼ፣ ይህችኛዋስ ማን ናት?» አለችኝ። ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው የሚለው ደብዳቤ ራሱ ስምሽን በአራተኛ መንገድ ጽፎታል። ቀነዓ «አር»ን ደግሟታል። ወንበር ስጪኝ አልኳት።

ሮቤ ተመልሼ ቀነዓን ከስብሰባ አስጠራሁት። ስህተቱን አሳየሁት። አዲስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ምስክሮቹ ግን እንደገና መፈረም ነበረባቸው። ቲቸር እዚያው ፈረሙ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ጎሮ ገሰገስኩ። ኦቦ ዱጉማን ያገኘኋቸው ማሳ መሐል፣ ከተበላሸ ኮምባይነር አጠገብ ቆመው ነው። መለዋወጫ ያመጣሁላቸው መስሏቸው ደስ አላቸው። ነገሩን ስነግራቸው ደብዳቤውን የሞተሩ ክዳን ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ጠብታው የሞተር ዘይት ነው። እየፈረሙ «ይቺ የፈይሩዝ ማሽን የገዛ ስሟን መጻፍ ታውቃለች?» አሉኝ። መልሱን አንቺ ላኪላቸው። ቀነዓ ማኅተሙን ይዞ፣ የሥራ ሰዓት አልፎበት፣ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። በማግስቱ መቅዲ ላከችልሽ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለቤቴ ጁሀራ በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት። አባባ ለሊሴ ብለው ጠርተዋታል። የልደት ወረቀቷን ላወጣ ብሄድ ቀነዓ «ኤል» አንድ ነው ሁለት ብሎ ጠየቀኝ። ወረቀቱን ሳላወጣ ተመለስኩ። እዚያ አገር እንዴት ብትጻፍ አንድ ሰው ሆና እንደምትቀር አንቺ ታውቂያለሽና ጽፈሽ ላኪልኝ ልልሽ ነበር። አባባ ግን ደብዳቤ አያስፈልግም፣ መጥታ ራሷ ታስጽፋት ብለዋል። እስክትመጪ አላስመዘግባትም።

አባባ እየመረቁሽ ነው። ጁሀራ ወፍራም ልብስ ልበሺ ትልሻለች። ቲቸር ማናልበሽ በፊደል ጻፊልን ብለዋል። ኦቦ ዱጉማ መልሳቸውን ይጠብቃሉ። ገና ያልተጻፈችው ለሊሴ ተኝታለች።

ወንድምሽ ዘይነዲን
ሮቤ፣ ጥር 10 ቀን 2010 ዓ.ም.