የተያዘ ብረት

ድሬ ዳዋ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገዲ
ጅቡቲ

ጤናህን እንዴት ነህ? እኔም ዘነበችም ልጆቹም ደህና ነን። ሙቀቱ ትንሽ ቀንሷል። የደቻቱ ወንዝ በክረምቱ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሱቅህ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ውስጥ አልገባም። ቢገባም የሚወስደው ነገር የለም።

ደብዳቤውን በ«አንቱ» ጀምሬው ነበር። አሥራ አንድ ዓመት «አንተ» ያልኩትን ሰው እንደ እንግዳ መቁጠሬ አሳፈረኝና ቀደድኩት። ይህን የምታደርስልህ ኡባህ ናት። የይለፍ ወረቀቷ ወጥቶላታል፤ ከነገ ወዲያ ሐሙስ በባቡር ትነሳለች። የቤትህን ወሬ ባለቤትህ ትነግርሃለች። እኔ ራሴ መናገር ያለብኝ አንድ ነገር አለ።

የመጀመሪያ ቢላዋዬን ያሳየሁህን ቀን አትረሳውም። ከባቡር ጋራዥ ከተጣለ ሞረድ የሠራሁት ነው። አሥራ አምስት ብር ያወጣል አልኩህ። መልስ ሳትሰጠኝ በክር አንጠለጠልከውና በምስማር መታ አደረግከው። ጮኸ። አባትህ ከኤደን ባመጣው የብረት መቀጥቀጫ መስፍ ላይ የቃጫ ገመድ ዘረጋህና «ቁረጥ» አልከኝ። ሦስተኛው ላይ ስለቱ ተጣጠፈ።

«ብረቱ ደህና ነው፣ ስለቱ ለስላሳ ነው። ሦስት ብር» አልክ።

«ሦስት ቅዳሜ ለፍቼበታለሁ እኮ።»

«ገዢው ቅዳሜህን አይቆርጥበትም። ጉድለቱን ቀድመህ ንገረው፣ ከዚያ ዋጋ ጥራ።»

ተናድጄ ወጣሁ፤ በሳምንቱ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ሁሉ ያንተ ባንኮኒ ላይ ሸጥኩ። በስሜ ያልሸጥኩበትን ምክንያት ታውቃለህ። ዘነበች «የተዳርኩት ለባቡር ሠራተኛ ነው፣ ለቀጥቃጭ አይደለም» ትል ነበር። እኔም ከእሷ አልሻልም ነበር። አንተ፣ ብረት ቀጥቅጠህ የምታድረው፣ «ስምህን ከፈራህለት በእኔ ስም ይሸጥ» አልከኝ። በስምህ ሸጥኩ።

በሚያዝያ 69 «ለሁለት ሳምንት» ብለህ ሄድክ። የባቡሩ ድልድዮች ተሰበሩ፣ ጦርነቱ መጣ፣ አንተም እዚያው ቀረህ። በመስከረም 70 ቀበሌው ሱቅህን ከፈተ። ባለቤቱ ኮብልሏል ተባለ። ዕቃው ተገምቶ እንዲሸጥ፣ የሱቁ ኪራይ ተቀንሶ ቀሪው ለኡባህ እንዲሰጥ ተወሰነ። ስለ ቢላዋ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ የእኔን ስም ጠሩ።

ሊቀመንበሩ አንዱን ቢላዋ አንስቶ እያገላበጠ፣ «ጓድ ጉግሳ፣ ሰውዬው ወዳጅህ ነበር ይባላል» አለኝ።

«ወዳጅ እንኳ አይደለም» አልኩ። «ሞረድ እዋሰው ነበር።»

«እንግዲያው ገምት።»

ኡባህ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰምታለች።

ከፍ አድርጌ ብገምት ለኮበለለ ሰው አዳላ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ዝቅ ለማድረግ ደግሞ ጉድለት ማሳየት ነበረብኝ፤ ጉድለት አልነበረም። ስለዚህ ቢላዋውን በክር አላንጠለጠልኩትም። ጎኑን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩና በምስማር መታሁት። የተያዘ ብረት አይጮህም። ጠቅ ብሎ ቀረ።

«ሰማችሁ? ውስጡ ተሰንጥቋል» አልኩ። ጸሐፊው ጻፈ።

ሃያ ሦስቱንም እንዲህ አደረግሁ። ከአርባ ብር በታች ሸጠኸው የማታውቀውን ቢላዋ በአራት በአራት ብር አስጻፍኩ። መሃል ላይ አንዱ ከጣቴ አመለጠና ጮኸ። ሊቀመንበሩ ቀና አለ። «ይኼኛው ስድስት» አልኩ።

ለኡባህ የደረሳት ለአንድ ወር አስቤዛ አልበቃም። ስለ ግምቱ አንድም ቃል አላነሳችብኝም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ልጆቼ ትጠይቀኝ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ግቢዬ መጣች። ቤት ትተኸው የሄድከውን፣ የቀንድ እጀታ ያለውን ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ለመንገዷ ልትሸጠው ነው።

«ቀፊራ ገበያ ያለው ነጋዴ ቀመር አምስት ብር ይላል» አለችኝ። «የገዲ ብረት ስንጥቅ ነው፣ በማኅተም ተጽፏል ይላል። አንተ ታውቃለህ አይደል? ስንት ነው?»

ቢላዋውን ሳልነካው «ስልሳ» አልኩ።

«ና፣ እዚያ በለው።»

አብረን ሄድን። ቀመር ምስማር እየመዘነ ነበር። ስልሳ ያወጣል አልኩት።

«አቦ ጉግሳ፣ ያኔ አራት ያልከው አንተ አይደለህ? ብረት እንደ ማር ሲከርም ይጣፍጣል እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ። እዚያው ተናገርኩ። በጣቴ እንዴት እንደያዝኩት ከራሱ መደብ ላይ ቢላዋ አንስቼ አሳየሁት። ሳቁ ቆመ። ቀመር ቢላዋውን ከእጄ ተቀብሎ፣

«ያኔ ለመንግሥት ከዋሸህ፣ ዛሬ ለእኔ የማትዋሽበት ምክንያት ምንድነው?» አለ።

 ዋጋ ልጨምርለት ሄጄ ዋጋ የሌለው የእኔ ቃል ሆነ።

ኡባህ ከሻሿ ጫፍ ክር መዘዘች። ቢላዋውን አንጠለጠለችና «የሱን አፍ ተወው። በራስህ እጅ ምታው» አለችው። ቀመር ከሚዛኑ ላይ አንድ ምስማር አንስቶ መታው። ከጎኑ ቅመም የምትሸጠው ሚሬ ዞር ብላ አየች፤ እንደዚያ ጮኸ። ከዚያ ገመድ ቆረጠበት። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ስለቱ ንቅንቅ አላለም። ተከራክረው ሃምሳ አምስት ከፈላት። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ዛሬ ኡባህ ደብዳቤውን ልትወስድ መጣች። የምትሸከመውን ማወቅ አለባት ብዬ እስከዚህ ድረስ አነበብኩላት። ዓይኗን ከእጄ ሳትነቅል አዳመጠችኝ።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ።»

«መስፉስ?»

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመርኩ።

«ጉግሳ፣ ሃያ ዓመት በዚያ ድምፅ ነው ከእንቅልፌ የነቃሁት። ከግቢህ ሲመታ የማላውቀው ይመስልሃል? ወላሂ፣ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የመጣህ መስሎኝ ነበር ብለህ ጻፍለት። ገዲ የመጣ መስሎኝ ተነስቼ በር ከፈትኩ።»

እንዳለችው ጻፍኩ።

እንግዲህ ሙሉውን ልንገርህ። ፈራሁ ያልኩህ ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። ሱቁ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ቢላዋዎቹን ሳይሆን መስፉን ነው። ቢላዋዎቹን በልካቸው ገምቼ መስፉን ብቻ ባረክስ ይነቃብኝ ነበር። ስለዚህ ሁሉንም አረከስኩ። መስፉን መጨረሻ ላይ ገመትኩት። አሥራ አንድ ብር አልኩ፤ እኔው ገዛሁት። ሁለት ዓመት ቀጥቅጬበታለሁ። ጥሩ መስፍ ነው።

ኡባህ ይዛው እንዳትመጣ ሁለት ሰው የማያነሳው ነው። በሚቀጥለው ወር የጭነት ባቡር እንዲልክልህ አንድ የማውቀውን ሰው ለምኛለሁ፤ እሺ ብሎኛል። እስከዚያ አልመታበትም ብዬ ልምልላት ስል «እስከ ሐሙስ ብቻ አትምታው፤ ከዚያ በኋላ አልሰማውም» አለችኝና ተነሳች።

አንተ የምትለምነው አምላክ፣ እኔም የምለምነው፣ ኡባህን በሰላም ያድርስልህ። ደጃፍህ ሰው የሚገባበት፣ እጅህ የማይዝል ይሁን።

ጉድለቱን ነግሬሃለሁ። ዋጋውን አንተ ጥራ።

ጉግሳ ወልደጻድቅ