አክስቴ ቡና የምታሰጣበት ባሕር

ኅዳር ፲፱ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.
ጅማ

ለተከበሩ ጓድ ለይኩን
የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የጅምላ ስፖርት አስተባባሪና የባሕር ዳርቻችን መሥራች
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለባሕሩ፣ ካለ ባለበት

ጉዳዩ፦ የአክስቴን ቡና ባሕር ውስጥ ከመስጠም ስለማዳን

ጓድ ሊቀመንበር፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ከኩባ ይዘውት ለመጡት ቀይ ቱታ ጤንነትን እየተመኘሁ፣ ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት በቀበሌያችን ደንብ መሠረት ግለ ሂስ አደርጋለሁ። ባለፈው እሁድ ሩጫ ላይ «ዓይን ወደ ግራ፣ ባሕሩን አድንቅ» ሲባል እኔ ሳላደንቅ አልፌያለሁ። ወደ ግራ ዞሬ ያየሁት የአዳዳ ዘይቡን ጓሮ ብቻ ነው። አዳዳ ዘይቡ የአባቴ እኅት ናት፤ ያሳደገችኝም እሷ ስለሆነች የንቃቴ ማነስ ከአስተዳደግ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ጓድ ሊቀመንበር ባለፈው ክረምት ለትምህርት ኩባ ሄደው፣ ጠዋት ጠዋት በደሴቲቱ ባሕር ዳር ሲሮጡ ከርመው፣ የመሮጫውን ፕላን ገልብጠው ይዘውልን መጡ። ከዚያም አንድም መስመር ሳይቀይሩ በቀበሌያችን ካርታ ላይ ደረቡት። መንገዱ እንደ ምንም መንገድ ላይ ዋለ፤ ሰማያዊ የተቀባው ክፍል ግን አዳዳ ዘይቡ ጓሮ ላይ አረፈ። ጅማም በዚህ ሁኔታ ባሕር አገኘች። ምስጋናችን ወሰን የለውም፤ ቅሬታችን ግን ጥቂት ነው፦

፩. ልብስ ሰፊው ጋሼ ጀማለዲን ትእዛዝ አክባሪ በመሆናቸው አንገታቸውን ወደ ግራ አዙረው ባሕሩን ሲያደንቁ ቦይ ውስጥ ገቡ። እርስዎም ጭቃቸው ሳይጠረግ ከሕዝባችን መካከል ውኃውን የነኩ የመጀመሪያው ሰው መሆናቸውን ገልጸው አስጨበጨቡላቸው። ጭብጨባው የደመቀ ነበር፤ ለወለምታ ግን አልሆናቸውም።

፪. ዘንባባ ስለታጣ በየቆርቆሮው የእንሰት ቅጠል ተተክሎ ዘንባባ ብለን እንድንጠራው ተነገረን፤ እኛም ጠራነው። የእትዬ ወርቅዬ ፍየል ግን ትምህርቱ ስላልደረሳት እንሰት ነው ብላ ደሴቲቱን በአንድ ጠዋት በልታ ጨረሰች። በስብሰባ ላይ መተቸቷ ተገቢ ነው። እትዬ ወርቅዬ ስለ ፍየሏ ተነሥተው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ራሷ ትምጣ ማለትዎ ግን ትንሽ የበዛ መሰለኝ።

፫. አሁን ወደ ዋናው። አዳዳ ዘይቡ የዘንድሮን ቡና ጓሮዋ ውስጥ ሰሌን ላይ አስጥታለች። ገና እርጥብ ስለሆነ ከፀሐይ ከተነሣ ይሻግታል፤ እኛም ዓመቱን የምንኖረው በሱ ነው። እርስዎ ሐሙስ ዕለት መጥተው ባሕር ላይ ቡና እንደማይሰጣ፣ ስፍራውም እስከ ዛሬው ሩጫ እንዲጸዳ አስጠነቀቋት። እሷም ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች፤ የቆመችበት መሆኑ ተነገራት። ዋና እንደማትችል ብታመለክትም ሰሚ አላገኘችም። ቡናው ወዴት ይሂድ ስትል ወደ ዳርቻው እንድታወጣው ተመከረች፤ ዳርቻው ማለት ደግሞ ቀበሌው በሙሉ የሚሮጥበት መንገድ ነው። ወላሂ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ረግጦ ያለፈበት ቡና ሙቀጫ አያስፈልገውም።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምንለምነው፣ ቡናው እስኪደርቅ ድረስ ባሕሩ ትንሽ ፈቀቅ እንዲልልን ነው። ይህ ከፕላኑ ጋር የሚጋጭ ከሆነ፣ ቦዬ ረግረግ እውነተኛ ውኃ ከነጉማሬው አለ። እዚያ ሕዝቡ ያለ ፊሽካም ይሮጣል።

ከወገቤ በላይ አጎንብሼ እጅ የምነሣ፣ ከወገቤ በታች ግን ለጅምላ ስፖርት የተያዝኩ፣ ስሜን ከትሕትና ብዛት የማልጽፍ፣

ታማኝ ሯጭዎ

ማሳሰቢያ፦ ባሕሩን ከኩባ ሳያመጡ የቀሩት የሚይዙበት ዕቃ አጥተው ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ጉዞ ትልቁን ጀሪካናችንን እናውስዎታለን።

ይህን የምጽፈው ባሕሩ መካከል ተቀምጬ፣ ቡናውን በአንድ እጄ እያገላበጥኩ ነው። ይኸው ሰልፉ ደረሰ። ዓይን ወደ ግራ ተባለ፤ ቀበሌው በሙሉ አሁን የሚያደንቀው እኔን ነው። እርስዎም ፊሽካዎን ከአፍዎ አውጥተው፣ ከሰልፉ ተነጥለው፣ አጥሩን አልፈው፣ ባሕሩ መካከል በሁለት እግርዎ ቆመዋል። ሩጫው ቆመ። አዳዳ ዘይቡ ከቱታዎ እስከ ጫማዎ አየችዎና፣ ሕዝቡ እየሰማ፣ «ማሎ፣ እባክዎ ጓድ፣ እርስዎን ካላሰጠመዎት ቡናዬንም አያሰጥመውም» አለችዎ። ከሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ማን እንዳልሳቀ መለየት አልተቻለም። እርስዎም እግርዎን ከሰሌኑ ላይ ቀስ አድርገው አነሡ፤ እንግዲህ እስኪደርቅ ይቆይ የሚል ነገር አጉተመተሙ፤ ሰማዩን አዩ፣ አጥሩን አዩ፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን ወረቀት አዩና፣ እኔ ልጽፈው ያፈርኩትን፣ ጅማ ውስጥ ሰው በአደባባይ ሲዋረድ የምንለውን ቃል በሙሉ ድምፅዎ ጮኹት፦

«ፈድሊያ!»