ውጭ አገር የገባሁበት ቀን

የካቲት 11፣ 2017
ብርድ ነው። የጭላሎ ተራራ ከነአናቱ ደመና ውስጥ ገብቷል። ድንች ገዛሁ፣ ግማሹ የበሰበሰ። ነገ ሻጯ ትለውጥልኛለች፤ ባትለውጥ ወዮላት!
ከሰዓት ልጄ ኤፍራታ ከስዊድን ደወለች። እሷ ቤት በስሜ ደብዳቤ መጥቷል፣ ከጡረታ መሥሪያ ቤት። ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። የሚኖሩት የት ነው? ከአገር ከወጡ መቼ ወጡ? ማስረጃ ያያይዙ፣ ይፈርሙ… እስከ ሚያዝያ መጨረሻ።
ክው ብዬ ቀረሁ።

የካቲት 12
ቁርስ አልበላ አለኝ። ምን ላድርግ?
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው አገር ሽማግሌ አጥቤ፣ አልብሼ ያገኘሁት ጡረታ ነው። መስከረም 2015 ከባለቤቴ ከገብረ መድህን ጋር መጣን። ታሞ ነበር። "አሰላ ውሰጂኝ" አለኝ። ለሦስት ወር ብለን… ሰኔ ላይ ሞተ። እኔም በዚያው ቀረሁ። ለመሥሪያ ቤቱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። አድራሻዬ እስከ ዛሬ ኤፍራታ ቤት ነው፤ እንደ አገሩ ደንብ ስሜ በሯ ላይ ተለጥፏል።
እዚያ ለሚኖር ጡረተኛ ግብሩ ቀለል ይላል፣ ድጎማም አለ። ውጭ አገር ለሚኖር ከመጀመሪያዋ ሳንቲም ይቆረጣል፣ ድጎማውም ይቀራል። እውነቱን ካወጣሁ እስካሁን የበላሁትንም መልሺ ይሉኛል። ውጭ አገር የሚሉት ደግሞ አሰላን እኮ ነው! እትብቴ የተቀበረበትን!
ሌባ ነኝ እንዴ? አይደለሁም። …ነኝ?

የካቲት 20
ኤፍራታ ዛሬም ደወለች።
"እማዬ፣ የሄድኩት ባለፈው መስከረም ነው በይ። የጥቂት ወር ብቻ ነው የሚጠይቁሽ።"
"ማስረጃውስ?"
"ከሰፈር አጽፊያ! ደግሞ እዚያ የማይጻፍ ነገር አለ?"
ተናደድኩባት። ግን ምን ዋሸች…

መጋቢት 2
የእድራችን ጸሐፊ ወደሆነው ወደ ከዲሮ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኩት። የገባችው በዚህ ዓመት መስከረም ነው ብለህ ጻፍልኝ አልኩት። እድሩ ከመሰከረ ማን ይጠራጠራል?
መዝገቡን አወጣ። ገለጠ፣ ገለጠ። ቀና ብሎም አላየኝ።
"አዴ ወለተ፣ መጻፉስ ቀላል ነው። ግን ሰኔ 2015 እድሩ ድንኳን ተክሎ ጋሼ ገብረ መድህንን ቀብሯል። ይኸው፣ በእርስዎ ስም። ታዲያ ሚስቱ እዚህ አልነበረችም ልበል?"
"ሰው አክባሪ መስለኸኝ!" ብዬው ወጣሁ። ምን በደለኝ? ምንም።

መጋቢት 3
ዓይኑን የከደንኩት እኔ። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ደረቴን የደቃሁት እኔ። አልነበርኩም ልበል? ለግብር ብዬ? አፈር ልብላ።

መጋቢት 15
ያሳተምኩት ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነው። በዳር በዳሩ አልፋለሁ።

መጋቢት 27
ጻፍኩ። መስከረም 2015፣ በእነሱ አቆጣጠር አድርጌ። ከዲሮ እውነተኛውን ማስረጃ ጽፎ ማኅተም መታልኝ። ስለዚያ ቀን ይቅርታ ስለው "የቱ ቀን? ረስቼዋለሁ አዴ" አለኝ። ውሸታም።
ፈረምኩ፣ ተላከ።
ደውዬ ስነግራት ኤፍራታ ጮኸች። "ምን አደረግሽ! ምን ልትበዪ ነው?"
"ቆርጠው የተረፈውን።"
ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ልጄ እንዲህ አድርጋኝ አታውቅም። በጣም ከፋኝ።

ሚያዝያ 18
አልደወለችም። እኔም አልደውልም! …ደወልኩ። አላነሳችም።

ሐምሌ 9
ዝናቡ አላባራ ብሏል። መልሱ ከመጣ ሳምንት አለፈው። ግብሩ እንደፈራሁት ነው፣ ድጎማው ቆሟል፣ የበላሁትን በየወሩ እመልሳለሁ… ዕድሜ ከሰጠኝ አምስት ዓመት። የፊት ለፊቷን ክፍል ለአንዲት አስተማሪ አከራየሁ። ጓሮ ጎመን ተከልኩ። ይኖራል።
ዛሬ ኤፍራታ ደወለች። ስለ ገንዘቡ ልትወርድብኝ ነው ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ አነሳሁ።
"እማዬ… ስምሽን ከበሩ ላይ ነቀልኩት።"
"ደግ አደረግሽ። እዚያ አልኖርም አይደል?"
"አድራሻሽን ያላስነሳሁት ለጡረታው መስሎሽ ነበር?" አለችኝ። "አንድ ቀን ትመለሻለሽ ብዬ እኮ ነው።"
ይኼን ሁሉ ጊዜ እኔ ግብር ግብር ስል…
"ነይ" አልኳት። "ነይ፣ አባትሽ የተቀበረበትን ላሳይሽ።"
እንደ ወትሮዋ ሥራ አለብኝ አላለችም። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ማናችንም ስልኩን አልዘጋነውም።