የአሰንዳቦው ሁለተኛ ፊልም

ጌቴ፣

ሙት ዓመትህ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እስከ ዛሬ ነፍስህን ይማር እያልኩ ከረምኩ። ዛሬ ግን የምጽፍልህ ተናድጄብህ ነው። መቼም አሁን አቋርጠኸኝ አትነሳም።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ማርታ ሰኮሩ አስተማሪ ሆና ተመድባለች። ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ያለውን ፎቶ ቤትህን አልዘጋሁትም። ጨለማ ክፍሉንም ከፍቼዋለሁ። በዚያ በር እንዳላልፍ ከከለከልከኝ ከስድስት ዓመት በኋላ ፊልም የማጥበው እኔው ነኝ።

የአሰንዳቦውን ሰርግ መቼም አትረሳውም። ሁለት ፊልም አንስተህ መጣህ፣ እኔ አጠብኩ። የመጀመሪያው ጥርት ያለ ነበር። በሁለተኛው ላይ ግን ነጭ መስመር ወርዶ፣ ሙሽራዋ ከአባቷ ጋር የተነሳችውን ሳይቀር አበላሸው። አባትየው ከሰርጉ በኋላ ብዙም አልቆዩም፣ ሌላ ፎቶ አልነበራቸውም። የሙሽራዋ እናት ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ ምን አልካቸው? ባለቤቴ የጨለማ ክፍሉን በር ከፍታው ነው አልክ። እዚያው ቆሜ! እኔም ያላጠፋሁትን ይቅርታ ጠየቅሁ። እሳቸው እያለቀሱ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው» አሉኝ። አንተ ግን ቀና ብለህ እንኳ አላየኸኝም።

ነግሬህ ነበር እኮ። በሩ ቢከፈት ኖሮ ፊልሙ በሙሉ በብርሃን ይቃጠል ነበር። ይኼ መስመር ሁልጊዜ በአንድ በኩል ነው፣ ከፎቶው አልፎ እስከ ፊልሙ ጠርዝ ይሄዳል። የሚመጣውም አንዳንዴ ነው፣ ያውም ሰርግ ላይ፣ ያውም ሁለተኛው ፊልም ላይ። ካሜራው ነው አልኩህ። ካሜራዬን አትንኪ አልከኝ። ከዚያ ራስህ ማጠብ ጀመርክ፣ መስመሩም አልቀረም። ያኔ ደግሞ ሰበብህ ፊልሙ አሮጌ ነው፣ ማጠቢያ መድኃኒቱ ደክሟል ሆነ። እኔን ግን አንድ ቀን ይቅርታ አላልከኝም።

ባለፈው ሳምንት ያንን ፊልም አውጥቼ የመጨረሻዋን ፎቶ አተምኩ። ለደንበኛ አትሆንም ብለን ሳናትማት የቀረችውን። አንተ ነህ። አንዱ ሚዜ ካሜራህን ተቀብሎ አንስቶሃል፣ ከድንኳኑ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆመህ ትስቃለህ። ብብትህ ሥር ደግሞ የካሜራው የቆዳ ልብስ አለ! ፊልም ለመቀየር የግድ የሚወልቀው። ቤት ስትሆን የመጀመሪያውን ፊልም አስገብተህ መልሰህ ታለብሰዋለህ። ሰርግ ላይ ሁለተኛውን ስታስገባ ግን ትቸኩላለህ፣ ራቁቱን ይዘኸው ትዞራለህ።

ካሜራውን አምጥቼ የኋላ ክዳኑን ከፈትኩ። በማጠፊያው በኩል ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለው ስፖንጅ የለም፣ ልብሱ ሲወልቅ ፀሐዩ በዚያ ይገባል። ከጥጉ ላይ ብቻ እንደ ማስቲካ የተጣበቀ ጥቁር ነገር ቀርቷል። ያኔ ገባኝ። የጅማ ዝናብ ሻጋታ ያመጣበታል ብለህ፣ ክረምት ላይ ፀሐይ ብቅ ባለ ቁጥር ክዳኑን ከፍተህ ቆርቆሮ ላይ ታሰጣው ነበር፣ እንደ ቡና። ስፖንጁ ሲቀልጥም ቆሻሻ ነው እያልክ በአልኮል ጠርገህ ጨረስከው።

እኔ እንዳንተ በግምት ሰው አልወነጅልም። ሁለት ፊልም ገዛሁ። አንዱን ካሜራውን ከነልብሱ፣ ሌላውን ያለ ልብሱ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ በእኩለ ቀን እስከ ገበያ እየሄድኩ አነሳሁበት። ካሜራው ለብሶ ያነሳሁበት ጥርት አለ። በሌላው ላይ መስመሩ መጣ፣ በዚያው በኩል። ጨለማ ክፍሉ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በንዴት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልህ።

ከጥቁር ከፋይ ጨርቅ ቀጭን ቆርጬ በስፖንጁ ቦታ ለጠፍኩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እስክትሞት ድረስ ያኳረፈን ይኼ ነው፣ ጌቴ!

ቅዳሜ አሰንዳቦ እሄዳለሁ። ለሙሽራዋ እናት ሁሉንም አሳይቼ በሩን እንዳልከፈትኩ እነግራቸዋለሁ። ማርታ፣ ተይው እማዬ፣ አባዬ ይረፍበት አለችኝ። አልተውም። አንተም እረፍ፣ እኔም ልረፍ።

አልረሳህም፣ አትፍራ። ለሙት ዓመትህ ሳሎን የምሰቅለው ግን በክራባት የተነሳኸውን አይደለም። ነጩ መስመር ትከሻህ ላይ የወረደበትን፣ የቆዳ ልብሱን በብብትህ ይዘህ የምትስቅበትን ነው። በየቀኑ አየዋለሁ። ስትስቅ ያምርብህ ነበር። ጥፋቱም ያንተ ነበር።

አልማዝ